የላላ መሪ

የጀልባን መሪ በአማርኛ ምን ብለን እንጥራው? በጀልባ ጀርባ ላይ እንደ በር ተንጠልጥሎ፣ ግማሽ አካሉ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየታጠፈ ጀልባዋን የሚያዞረውን ያንን ሳንቃ ማለቴ ነው። መኪና ነጂዎች «መሪ» ሲሉ በእጃቸው የሚያሽከረክሩትን ክብ ነገር ይጠሩበታል። ቤተ ክርስቲያን ዜማውን የሚያነሣውን ሊቅ «መሪጌታ» ትለዋለች። የአማርኛው አዲስ ኪዳን ደግሞ በያዕቆብ መልእክት ውስጥ፣ አንደበት ትንሽ ሆና ሳለ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደምታደርግ በመርከብ ሲመስል፣ ያንኑ ዕቃ «መቅዘፊያ» ይለዋል።

አንድ ችኩል አንባቢ «ተርጓሚዎቹ ባሕር የማያውቁ ደገኞች ስለነበሩ ነው» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በሐዋርያት ዘመን በሜዲትራኒያን ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች መሪያቸው በእርግጥም መቅዘፊያ ነበር፤ በመርከቡ ኋላ፣ በግራና በቀኝ ጎኑ የታሰሩ ሰፋፊ መቅዘፊያዎች። በሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍ፣ ጳውሎስን የጫነው መርከብ በማልታ ዳርቻ ሊሰበር ሲል መርከበኞቹ ማሰሪያቸውን የፈቱላቸው እነዚህ ናቸው። በጣናም ላይ የደንገል ታንኳ የተለየ መሪ የላትም፤ የሚገፋትም የሚያዞራትም ያው ታንኳ ነጂው የያዘው አንድ እንጨት ነው። እንግዲያስ ለሁለቱ ሥራ አንድ ቃል መብቃቱ ምን ያስደንቃል?

በጀልባ ጀርባ መካከል ላይ የሚተከለው መሪ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በቻይና፣ በጓንግጁ፣ ከሐን ሥርወ መንግሥት ዘመን መቃብር የወጣች አንዲት የሸክላ ጀልባ በጀርባዋ መሪ ይታይባታል፤ ዕድሜዋም ወደ 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይጠጋል። በአውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1180 አካባቢ እንደተቀረጹ የሚነገርላቸው፣ በእንግሊዝ ዊንቸስተርና በቤልጂግ ዜደልገም አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ የጥምቀት ገንዳዎች፣ በጎናቸው ላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ መሪ ያለው መርከብ ተስሎባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙው መርከብ፣ ብዙው ጀልባም፣ ቀስ በቀስ በር እንዳለው ቤት ማጠፊያ ያለው ሆነ።

በዚህ ለውጥ ውስጥ አንድ የተሰወረ ነገር አለ። በእጅ የሚያዝ መቅዘፊያ አይላላም፤ ቢላላ የሚላላው የያዘው እጅ ነው። ማጠፊያ የመጣ ዕለት ግን በሰው እጅና በውኃው መካከል ሌሎች መጋጠሚያዎች ገቡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጀልባ ነጂ የሆነ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይጓዛል፤ ይህ የሚሰማኝ መንቀጥቀጥ የመሪው ነው ወይስ የእጄ? እኔ ይህን ጥያቄ የሰማሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ወደ እርሳቸው ከመሄዴ በፊት ግን ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የትንሽ ሸራ ጀልባን መሪ አሠራር ጥቂት ላብራራ።

በጀልባዋ ጀርባ ላይ ቀለበት ያላቸው ሁለት ብረቶች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ በብሎን ይታሰራሉ። በመሪው ጠርዝ ላይ ደግሞ ወደ ታች የሚያመለክቱ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሉ። በቧንቧ ሠራተኞች አነጋገር ቀለበቶቹ ሴቴ፣ ዘንጎቹ ወንዴ ናቸው። ወንዴው ሴቴው ውስጥ ሲገባ መሪው ይንጠለጠላል። ብዙ ጊዜ የታችኛው ዘንግ ከላይኛው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ይህም በከንቱ አይደለም። በሚንገዋለል ውኃ ላይ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ዘንጎች በአንድ ጊዜ ማግባት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ረጅሙን አግኝቶ ከዚያ አጭሩን ለማስከተል ነው። ከመሪው ራስ ላይ ወደ ጀልባዋ ሆድ የሚዘረጋ የእንጨት እጀታ አለ፤ ነጂው የሚይዘው እርሱን ነው።

መሪ የሚናገረው በእጅ ነው። ነፋስ ሸራውን ሲሞላው ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ልታዞር ትሻለች፤ መሪው ይከለክላታል። ይህ ክርክር በእጀታው በኩል እንደ ለስላሳ ግፊት ሆኖ ወደ መዳፍ ይደርሳል። ልምድ ያለው ሰው የነፋሱን መበርታት፣ የሸራውን መወጠር፣ ዓይኑን ሳያነሣ ከዚያ ግፊት ያነባል። መሪው ሲላላ ግን ንግግሩ ይደናቀፋል። እጅ ትንሽ ሲያዝ ምንም አይሆንም፤ ጥቂት ሲጨምር አሁንም ምንም አይሆንም፤ ከዚያ በድንገት ከሚገባው በላይ ይሆናል። ነጂው ይመልሳል፤ አሁንም ይዘገያል፤ አሁንም ያልፋል። ጀልባዋ እንደ ሰካራም መንገድ እየቆረጠች ትሄዳለች። ከዚህም የከፋው ላላነት ላላነትን መውለዱ ነው። በሳንቃው ግራና ቀኝ የሚሽከረከረው ውኃ መሪውን ሲያርገበግበው ዘንጉ ቀለበቱን እንደ ትንሽ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ የተቀጠቀጠ ቀለበት ይሰፋል፤ የሰፋ ቀለበት ደግሞ አብልጦ ያስቀጠቅጣል።

አጎቴ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በምጽዋ፣ በባሕር ኃይል የጥገና ክፍል ውስጥ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከመንግሥት ጦር እጅ ስትወጣ እርሳቸውም ከባሕሩ ተለዩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱም ተለወጠ፤ አገሪቱም ብዙ ሳትቆይ ያለ ባሕር ቀረች። ያን ጊዜ የነበሩበትን ሁኔታ ብዙ አያወሩም። የማውቀው ከጥቂት ዓመታት ልፋት በኋላ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ መውረዳቸውንና በአንድ የመዝናኛ ስፍራ ጀልባ ጠባቂ ሆነው መቀጠራቸውን ነው። እናቴ «ወንድሜ ባሕር ቢያጣ ሐይቅ አገባ» እያለች ትቀልድ ነበር።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከአብያታና ከሻላ አጠገብ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ውኃው ደለል ስለሚያዝል ቡናማ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ማለዳ ላይ እንደ መስተዋት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣና ሐይቁ በአጫጭርና በተጣደፈ ሞገድ ይሞላል። አጎቴ የሚወዱት ይህን ሰዓት ነበር። ከዓመታት በፊት ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ ሰው ትቶላቸው የሄደው፣ አራት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የፋይበር ግላስ ሸራ ጀልባ አላቸው። ሥራቸውን ሲጨርሱ በእርሱ ላይ ወጥተው ሐይቁን አንድ ጊዜ ይዞሩና ይመለሳሉ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ይህን አልተዉም።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ስልክ ደወሉልኝ። ጤንነቴንና ሥራዬን ጠይቀው ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ።

«ይኸውልህ ልጄ፤ ስሄድ እጀታው ይንቀጠቀጥብኛል። መሪው ይሁን እጄ ይሁን መለየት አቃተኝ።»

«ሐኪም አይተውታል ጋሼ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ መሪውን እንየው» አሉኝ። «አንተ ቀኑን ሙሉ ብር የምትቆጥር ሰው ነህ። ጣትህን አምጣልኝ።»

የቀልድ አነጋገር ነበር፤ ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። በባንክ መስኮት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከደንበኛው ጋር እያወራ ጣቱ ለብቻው ይሠራል። ሁለት ብር ተጣብቆ ሲያልፍ ያውቃል፤ የሳሳ ወረቀት፣ የወፈረ ወረቀት፣ በማጣበቂያ የተጠገነ ወረቀት ሲመጣ ዓይን ሳይጠራ ይቆማል። አጎቴ የፈለጉት ይህንኑ ነበር። የእርሳቸው ጣት በአንድ ወቅት ከዚህ የበለጠ ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን ምስክርነቱን ራሳቸው መጠራጠር ጀምረዋል።

በእሑድ ወረድኩ። ጀልባዋን ወደ ዳር አውጥተን በሁለት አሮጌ የመኪና ጎማዎች ላይ አስቀመጥናት። አጎቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ይዘውታል። አንድ የአካባቢው ወጣት የመሪውን ሳንቃ ከታች ይዞ እንዲያወዛውዝ ተደረገ። አጎቴ እንደ ወታደር ልምምድ ያዙታል፤ «ግፋ! መልስ! ግፋ! መልስ!»

እኔ ያስተማሩኝን አደረግሁ። ዘዴው ቀላልና ድንቅ ነው። ሁለት ነገሮች የሚገናኙበትን መጋጠሚያ ትፈልጋለህ፤ የጣትህን ግማሽ በአንደኛው፣ ግማሹን በሌላኛው ላይ ታሳርፋለህ፤ ሰው ከዚያ ማዶ ሲያወዛውዝ ትጠብቃለህ። ሁለቱ አብረው ከሄዱ ጣትህ ዝም ይላል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ከቀረ፣ ዓይን የማያየው ትንሽ እርምጃ እንኳ ቢሆን፣ ጣትህ ላይ እንደ ደም ሥር ትርታ ይመታል። ዓይን የሚያየው ጠቅላላውን መወዛወዝ ነው፤ ጣት ግን የትኛው ከየትኛው እንደተለየ ይነግርሃል።

አራት መጋጠሚያ ዳሰስኩ፤ አራቱም ይመቱ ነበር። እጀታው ከመሪው ራስ ጋር የሚገናኝበት የብሎን ቀዳዳ ከክብነት ወጥቶ እንቁላል መስሏል። ወደ ላይ የሚታጠፈው ሳንቃ በመሪው ራስ ሁለት ጉንጮች መካከል ሰፊ ቦታ አግኝቶ ይንገጫገጫል። የታችኛው ቀለበት በዘንጉ ተበልቶ በአንድ ጎኑ እንደ ጨረቃ ሰፍቷል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ያ ቀለበት ራሱ ከጀልባዋ ጀርባ ጋር አልተጣበቀም፤ ብሎኖቹን በካቻቪቴ ሳዞራቸው ምንም ሳይነክሱ በባዶ ይዞሩ ነበር። እያንዳንዱ ላላነት ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው። ሲደመሩ ግን የእጀታው ጫፍ አራት ጣት ያህል ወዲያና ወዲህ ሲሄድ የመሪው ሳንቃ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር።

«አንድ ሌባ ቢሆን ይያዝ ነበር» አሉ አጎቴ። «አራት ሆነው ተካፍለውት ነው።»

ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ብስጭት አልነበረም። ደስታ ነበር። መሪው ጥፋተኛ ሆኖ በመገኘቱ የተደሰቱትን ያህል በምንም ነገር ሲደሰቱ አላየኋቸውም።

ጥገናው የሚጀመረው ከመሠረቱ ነው፤ ከጀልባዋ አካል። የታችኛውን ቀለበት ስንነቅለው ከብሎኖቹ ቀዳዳ ቡናማ ውኃ እየተንጠባጠበ ወረደ። ከፋይበር ግላሱ በስተጀርባ ለብሎኑ መያዣ የገባው እንጨት ርሶ እንደ ተቀቀለ ድንች ለስልሷል። እዚህ ላይ የክፋቱን ክብ አየሁት፤ ብሎን ሲላላ ውኃ ያስገባል፤ ውኃ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ የበሰበሰ እንጨት ብሎኑን ያላላል። በዚህ ላይ ብሎኑን ብቻ አጥብቆ መሄድ ሕመምተኛን ቀበቶ እንደ ማጥበቅ ነው። የበሰበሰውን በወስፌ እየፈለፈልን አወጣን፤ ቀዳዳዎቹንም ለበጋው ፀሐይ ክፍት አድርገን ለሁለት ሳምንት ተውናቸው። እርጥብ እንጨት ላይ ሙጫ አይዝምና።

በሁለተኛው ጉዞዬ ከአዲስ አበባ ኢፖክሲ ሙጫ ይዤ ወረድኩ፤ ሁለቱ ፈሳሾች ሲገናኙ ብቻ የሚጠነክረውን። ከደቃቅ ሰጋቱራ ጋር አዋሕደን እንደ ገንፎ ካወፈርነው በኋላ ባዶውን ሞላነው። አድሮ ድንጋይ ሆነ። በማግስቱ በትራፓኖ አዲስ ቀዳዳ በስተን፣ በእንጨት ላይ ብቻ የሚነክስ ብሎን ሳይሆን ከወዲያ እስከ ወዲህ የሚያልፍ፣ የማይዝግ ብረት ብሎን አስገባን። በውስጥ በኩል ጉልበቱን የሚያከፋፍል የአሉሚኒየም ሰሌዳ አድርገን በሮንዴላና በዳዶ አሰርነው። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ውኃ እንዳይገባ ማሸጊያ ቀባን። የተበሉትን ቀለበቶች አስቀድመን ሻሸመኔ ወደሚገኝ ቶርኖ ቤት ልከን ነበር፤ ሠራተኛው ቀዳዳቸውን ወደ ክብነት መልሶ የናይለን ቡሽ እንዲያስገባላቸው።

ቶርኖ ቤት የሄድነው አብረን ነው። ሠራተኛው ወጣትና ጎበዝ ነበር። ዘንጉን ለካና «ጋሼ፣ ምንም እንዳይነቃነቅ ጥብቅ አድርጌ ልሥራው?» አላቸው።

«አይደለም ልጄ» አሉት። «ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ተውለት። ናይለን ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል። ዛሬ እዚህ ጥብቅ ካደረግኸው ነገ ሐይቅ ላይ ታንቆ ይቀራል።»

ይህ አባባላቸው ከእኔ ጋር ብዙ ቆይቷል። ላላነትን ማጥፋት ማለት እንቅስቃሴን ማጥፋት ማለት አይደለም። የታነቀ መሪ ከላላ መሪ አይሻልም፤ እርሱም እጅን ይዋሻል። ነፋሱ የሚለውን ሳይሆን የራሱን ግትርነት ብቻ ይናገራልና። ግጥም የሚሞክር ሰው ይህ አይጠፋውም። ቤት ለመምታት ሲባል ቃሉ እስኪታነቅ የተጠበቀ ስንኝ አለ፤ ልኩን አጥቶ የሚንገጫገጭ ስንኝም አለ። ሁለቱም አንባቢውን የትም አያደርሱትም። ልከኛው በመካከላቸው ያለው ነው፤ ያ መካከል ደግሞ የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ነው።

ለሳንቃውና ለጉንጮቹ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ስስ ክቦች ቆርጠን ግራና ቀኝ አስገባንላቸው። የጀሪካን ፕላስቲክ ያሟልጫል፤ ስለዚህ ቦታውን ይሞላል እንጂ አያንቅም። ብሎኑን ያጠበቅነው ሳንቃው ወደ ላይ ሲነሣ በራሱ የሚቆም፣ በእጅ ሲጫኑት ግን የሚወርድ እስኪሆን ድረስ ነው። በእንቁላል ቅርጽ የሰፋውን የእጀታ ቀዳዳ በሙጫ ሞልተን እንደገና በሳነው። ካቻቪቴውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ አጎቴ በርጩማቸው ላይ ሆነው በቃል ያዞሩኛል። «ግማሽ ዙር ጨምር። በቃ። ሩቡን መልስ።» አንድ ጊዜ ራሳቸው ሊሞክሩ ካቻቪቴውን ተቀበሉኝ። ጫፉ ከብሎኑ ራስ ላይ ሁለት ጊዜ ሸሸባቸው። ምንም ሳይሉ መልሰው ሰጡኝ።

ሥራው ሲያልቅ ያ ወጣት ሳንቃውን እንደገና አወዛወዘው። ጣቴን በአራቱም መጋጠሚያዎች ላይ አሳረፍኩ። ዝም ብለው ነበር። እጀታው ሲሄድ ሳንቃው አብሮ ይሄዳል፤ ሲቆም አብሮ ይቆማል።

ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ሲነሣ፣ ሁለታችንም የተንሳፋፊ ሰደሪያችንን ለብሰን ወጣን። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። በትንሽ ሸራ ጀልባ ላይ ነጂው የሚቀመጠው ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ነው፤ ክብደቱ ጀልባዋን እንዳትገለበጥ ይይዛታል። እጀታው ደግሞ ከኋላ ስለሆነ፣ በቀኝ ጎን የተቀመጠ ሰው በግራ እጁ፣ በግራ ጎን የተቀመጠ ሰው በቀኝ እጁ ይይዘዋል። ስለዚህ ነፋስ ከጎን ሲነፍስ አንዱ እጅ በመሄጃ፣ ሌላው በመመለሻ ይሠራል። መሪው ላልቶ ሳለ እጀታው በሁለቱም እጆች ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለዚህም ነበር አጎቴ ለወራት ተስፋ ያላቸው። ሁለቱም እጅ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር የእጅ ሊሆን አይችልም።

በመሄጃው እጀታው በግራ እጃቸው ነበር። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ሞገዱ ከፊት ይረጨናል፤ ሸራው ተወጥሯል፤ እጀታው ግን መዳፋቸው ውስጥ እንደ ተኛ ልጅ ነበር። አጎቴ አይስቁም፤ ግን ፊታቸው ሁሉ ይስቅ ነበር። «ይሰማሃል?» አሉኝ። «አሁን እየተናገረ ነው።» እጄን ከእጃቸው ፊት እጀታው ላይ አሳረፍኩ። እውነት ነው፤ ነፋሱ ሲበረታ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲያርፍ ይለቃል። ከዚህ ሌላ ምንም የለም።

ሐይቁ መካከል ስንደርስ ዞርን። ሸራው ወደ ሌላው ጎን ተሻገረ፤ እኛም ቦታ ቀየርን፤ እጀታው ወደ ቀኝ እጃቸው ገባ። ነፋሱ በርትቶ ሳለ እጁ ጸጥ ብሎ ነበር፤ የሚይዘው ጉልበት ሲኖረው ይረጋል። ከዚያ ነፋሱ ለጥቂት ጊዜ ወደቀ። ሸራው ረገበ፤ ከእጀታው ላይ ግፊቱ ለቀቀ። እና ያ መንቀጥቀጥ መጣ። ደቃቅ፣ ፈጣን፣ አንድ ወጥ።

አጎቴ አላዩኝም። ዓይናቸው ከሸራው አልተነሣም። «ጣትህን ከመጋጠሚያው ላይ አድርግ» አሉኝ።

ወደ ኋላ ተጠግቼ እጀታው ከመሪው ራስ ጋር በተጋጠመበት ቦታ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። እጀታውና መሪው አብረው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልነበረም። ወርጄ የታችኛውን ቀለበት ዳሰስኩ። ዘንጉ በቡሹ ውስጥ ሳይንገጫገጭ ይዞራል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ጠብቋል ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ቆይተው፣ የተጣራ ሒሳብ እንደሚያነብ ሰው ባለ ድምፅ፣ «እንግዲህ የቀረው የእኔ ነው» አሉ።

ነፋሱ ተመለሰ፤ እጃቸውም ረጋ። እስከ ዳር ድረስ እርሳቸው ናቸው የነዱት።

በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ሳይገፋፋቸው ወደ ሐዋሳ ሄደው በሐኪም ታዩ። ፓርኪንሰን ተባሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በጻፈው ድርሰት ስለገለጸው በስሙ የሚጠራ ሕመም ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ ጡንቻ ይገትራል፤ መንቀጥቀጡም ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎን ይጀምራል። ሐኪሙ ከነገራቸው ነገሮች መካከል አንዱ ግን አጎቴን ፈገግ አሰኛቸው። ይህ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የሚበረታው እጅ ሥራ ፈቶ ሲያርፍ ነው፤ እጅ አንድን ነገር ብሎ ሲነሣ ደግሞ ይቀንሳል። እርሳቸው ይህን ከሐኪሙ በፊት ከሐይቁ ሰምተውት ነበር።

የተሰጣቸው መድኃኒት ሌቮዶፓ ይባላል። ሕመሙን አይነቅለውም፤ እንቅስቃሴን ግን ያቀላል። ሰዓቱን ጠብቀው ይወስዱታል። ከወሰዱ በኋላ ቡናቸውን ሳያፈሱ ይጠጣሉ፤ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይቆልፋሉ። እናቴ «ቀድሞ ሄዶ ቢሆን ኖሮ» ትላለች። እኔ ግን ለምን እንዳልሄዱ የገባኝ ይመስለኛል። ሰው የሚጠራጠረው ነገር ሁለት ሆኖ ሲቀላቀልበት በቀላሉ በሚጠገነው ላይ ያላክካል። በሰበብነት የቆመውን መሪ ያለ አንዳች ጥርጣሬ እስኪጠግኑት ድረስ የራሳቸውን እጅ የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም። መሪው ሲጠብቅ ውሸቱ ሁሉ ወጣ፤ የቀረው እውነት ብቻ ሆነ፤ እውነቱም የማያስደስት ቢሆን እንኳ የሚወሰድ መድኃኒት ነበረው።

ይህን ሁሉ ግጥም ላደርገው ሞክሬ ነበር። አልሆነም፤ ብሎንና ሮንዴላው በዛበት። ስለዚህ በስድ ንባብ አቀረብኩት።

አሁን አጎቴ ብቻቸውን ወደ ሐይቁ አይወጡም፤ ያ ወጣት አብሯቸው ይሄዳል፤ ሸራውን የሚይዘውም እርሱ ነው። መሪውን ግን አልሰጡትም። አንድ ቀን እንደሚሰጡት ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣ ሳንቃው መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚወርድ፣ ጣት በመጋጠሚያ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ አንድ በአንድ ያስተምሩታል። ባለፈው ስደውል ስለ ጤናቸው ጠየቅኋቸው። ስለ ናይለኑ ቡሽ ነገሩኝ፤ ውኃውን ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ልክ እንዳሉት ሆኗል።